የልብስ ሰፊዋ ዳበሴ

በዚያ ሰፈር ነፍሰ ጡር ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ የቤቷን በር መቀርቀር ትተዋለች። ሌባ የለም ማለት አይደለም፤ ሌባውንም የወለደችው እናት ስለሆነች ያንን በር ያልፈዋል። በሩ የሚተወው ለዳበሴው ነው። ዳበሴ ማንኳኳት አያውቅም። ገፋ አድርጎ ይገባል፣ ነፍሰ ጡሯን ጀርባዋን ዳበስ ያደርጋታል፣ ከዚያ በኋላ እስክትገላገል ድረስ የቤቱ ሰው ነው።

ዳበሴ ቁመቱ ገና ድክድክ የሚል ሕፃን ያህላል። ሰውነቱ አመድማ ፀጉር የለበሰ ነው፣ ብዙ እንደታጠበ ብርድ ልብስ የሻከረ። ዓይኖቹ ጠባብ ናቸው፤ አፉም ከማንጎራጎር በቀር ለምንም አይረባም። ሙያው ሁሉ ያለው እጁ ላይ ነው፦ ረጃጅም ጣቶች፣ ገና ካውያ የተነሣበት ጨርቅ የመሰለ ሙቅ መዳፍ። ሴትየዋ ጋደም ባለች ቁጥር ከጀርባዋ ተለጥፎ ትንፋሿን ይማራል። ምጥ ሲይዛት ወገቧን ይዞ ሕመሟን ግማሽ በግማሽ ይካፈላታል። ልጁ ተጣምሞ እንደሆነም ሆዷን እየዳበሰ ያቃናዋል። ሕፃኑ ተወልዶ ሲያለቅስ እጁን አንሥቶ በበሩ ይወጣል፤ ወደ ኋላ አያይም። እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ በሩን በገዛ እጇ ትቀረቅራለች። ወለደች የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ያላቸው ዳበሴ አንድ ነው። እናትን ያዋለደው እሱው ሴት ልጆቿንም ያዋልዳል፤ ተለዋጭ የለውም።

ልብስ ሰፊዋ ከተገላገለች አራት ወር ሆኗት በሯ አልተቀረቀረም ነበር።

ልጁ ሳያለቅስ ነው የተወለደው። አዋላጇ "አትይው፣ ይብስብሻል" ብላ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ወንድ ይሁን ሴት ልብስ ሰፊዋ አልጠየቀችም። ባሏ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ከቀብር ተመልሶ ሊነግራት አፉን ሲከፍት "ተወኝ" አለችው። ተዋት። እንግዲህ ሾፌር ነው፤ ቁም ሲሉት መቆም ለምዷል።

ዳበሴው ግን ለቅሶ አልሰማምና አልሄደም። እሷ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ እሱ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ቆሞ መዳፉን ወገቧ ላይ ያደርጋል። ስትነሣ ይነሣል፣ ስትቀመጥ ይቀመጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቷ ዳቦ ሻጯ መላ አመጣች። የልጅ ልጇን አቅፋ ገባችና ጭኑን ቆንጠጥ አደረገችው። ሕፃኑ ሰፈሩን ቀውጢ አደረገው። ዳበሴው ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ደግሞ ደንቆሮ ነው" አለች ዳቦ ሻጯ።

"ደንቆሮ አይደለም" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። "የማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ልጁን ለምን ትቆነጥጪዋለሽ?"

"ለአንቺ ብዬ ነዋ።"

"እንግዲያው እኔን ቆንጥጪኝ።"

ዳቦ ሻጯ እየሳቀች ወጣች። የመንገዱ ጥግ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋን ትታ "እንባ እንኳ አላየሁባት፤ ልቧ ድንጋይ ሆኗል" ብላ አወራች። እስከ ምሳ ሰዓት ያልሰማ አልነበረም።

ድንጋይስ አልሆነም። ልብስ ሰፊዋ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጨርቅ ሣጥኗን ስትፈትሽ ለልጁ ከሰፋቻቸው ሁለት ነጫጭ ሸሚዞች አንዱን ብቻ አገኘች። ሌላኛው የት እንደሄደ ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሳግ ተናነቃት። ወዲያው ወገቧ ላይ ብርድ ተሰማት፤ ዞር ስትል ዳበሴው እጁን አንሥቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ሳጉን ያለ ውኃ እንደሚዋጥ ኪኒን ዋጠችው። መዳፉ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እንባዋ በመጣ ቁጥር ፔዳሉን ትረግጣለች። ዩኒፎርሙ ከቀጠሮው አንድ ወር ቀድሞ አለቀና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለትጋቷ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት። ሰው የፈለገውን ይበል፤ እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ባሏ ሥራ ገብቷል፣ ጎረቤት ወደ ጉዳዩ ተመልሷል፣ ልጇን እስካሁን የሚጠብቅ ይሄ ከኋላዋ የቆመው ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ልጁ ጨርሶ አልነበረም።

ችግሩ፣ ታናሽ እህቷም እርጉዝ ነበረች።

በልጅነቷ ክብ ስለነበረች "ድንቡሼ" ይሏታል፤ አሁን እንኳ ስሙ በሚገባ ይዟታል። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ አናጢው ባሏ በሩን መቀርቀር ተወ። ስምንተኛው አለፈ፣ ዘጠነኛው ገባ፣ ከድመት በቀር ገፍቶ የገባ የለም። ድንቡሼ እየመጣች ከማሽኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አትልም። አንድ ቀን ብቻ፦

"እቴቴ፣ ከሳ መሰለኝ።"

"ማን?"

"እሱ።"

"እሱ ድሮም ቀጭን ነው።"

"እማዬ በኔ ጊዜ ወፍራም ነበር ስትል አልነበር?"

"እማዬ አንቺንም ቆንጆ ናት ትል ነበር።"

ድንቡሼ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ከእህቷ ቀሚስ ላይ አመድማ ፀጉር ለቅማ በመዳፏ ውስጥ ጠቀለለችው። እውነት ነው፤ ዳበሴው በየቀኑ ይረግፍ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የቁርስ ዕቃ ሳይነሣ፣ አናጢው እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ እያለከለከ ገባ።

"እቴቴ፣ ከንጋት ጀምሮ ይዟታል። ሲስተር ልጁ አግድም ነው የተኛው ብለዋል። አምቡላንስ ጠርተናል፣ እስካሁን የለም።" ዳበሴውን አየው። ዓይኑንም መመለስ አልቻለም።

ልብስ ሰፊዋ ዳበሴውን ብድግ አድርጋ አቀፈችው። አለመክበዱ አስደነገጣት። መንገድ ላይ ያሰበችው እንዲህ ነበር፦ አደርሰዋለሁ፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይዤው እመለሳለሁ። ለጎረቤት መሰላል የምታውስ ነበር የምትመስለው።

ድንቡሼ በጎኗ ተኝታ አናጢው በሠራው አልጋ ራስጌ ላይ ተንጠልጥላለች። ከንፈሯ ደርቋል። ልብስ ሰፊዋን ያዋለደቻት ያችው አዋላጅ እጅጌዋን ሰብስባ ሆዷን ትደባብሳለች። ልብስ ሰፊዋ ዳበሴውን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ወረደ። ዞሮ ከኋላዋ መጣና መዳፉን ወገቧ ላይ አደረገ። እንደገና አስቀመጠችው፤ እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ቀሚሷን ጨምድደው አልለቅ አሏት።

አዋላጇ ቀና ብላ አየቻት። "ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"አራት ወር።"

"አላለቀስሽም ማለት ነው።" አለች አዋላጇ። "እሱ የሚያዳምጠው ልጁን አይደለም የኔ ልጅ። አንቺን ነው። ሕፃን ሲያለቅስ እናት ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ትለቀዋለች፤ ያኔ ማለቁን ያውቃል። አንቺ አልለቀቅሽም። ለሱ ገና እያማጥሽ ነው።"

"ከለቀቅኩ ይሄዳላ።"

"አዎ፣ ይሄዳል።"

"እቴቴ፣ ተይው" አለች ድንቡሼ ከአልጋው። "ያለሱም እወልዳለሁ።" ድሮ ቤት ውስጥ አንድ ቁራሽ ዳቦ ስትቀር "እኔ ጠግቤያለሁ" በምትልበት ድምፅ ነው ያለችው። ያኔም ጠግባ አታውቅም። ወዲያው ምጡ መጣና አፏን ትራሱ ውስጥ ቀበረች።

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ሲስተር፣ ምን ነበር?"

አዋላጇ እጇን በፎጣ ጠረገች።

"ሴት ነበረች።"

"ፀጉር ነበራት?"

"ብዙ። ግንባሯ ላይ ተለጥፎ። አገጯ የዚችን የእህትሽን ይመስል ነበር። በሞቀ ውኃ አጥቤያታለሁ፣ ያንን ነጭ ሸሚዝሽንም አልብሻታለሁ። እጅጌው ትንሽ ረዝሞባት ነበር፤ አጠፍኩላት።"

"ረዝሞባት?"

"ትንሽ ነው።"

"እንድታድግበት ብዬ እኮ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ለልጅ ሲሰፋ ሁልጊዜ ትርፍ ይተውለታል። እንድታድግ..."

ቃሉን አልጨረሰችውም። ለቅሶው የመጣው ከጉሮሮዋ አልነበረም፤ የአራት ወር ነገር ስለሆነ ከታች ነው የተነሣው። ግንባሯን የአልጋው እግር ላይ ደፍታ፣ አፍንጫዋን ሳትጠርግ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል አለቀሰች። ወገቧ ላይ ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲነሡ ተሰማት። አምስቱም እስኪያልቁ ቆጠረቻቸው። እጇን ወደ ኋላ ልካ ልትይዘው አሰበች፤ አልላከችም።

ዳበሴው አልጋው ላይ ወጣ። ማንጎራጎር ሲጀምር ድንቡሼ የጨመደደችውን ራስጌ ለቀቀች። ረጃጅም ጣቶቹ ከአዋላጇ ጣቶች አጠገብ ሆዷ ላይ ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ እያሉ ቆዩ። የአምቡላንሱ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ ልጁ ተቃንቶ ነበር፤ ሰዎቹ ቃሬዛ ይዘው ደጁ ላይ ሲደርሱ ተወልዶ ይጮኻል። ወንድ ነው። ድምፁ መጋዝ ነው፣ አባቱን አያስክድም።

ዳበሴው እጁን አነሣና ወደ በሩ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ፣ ምናልባት ብላ ይሆናል፣ ከመቃኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀሚሷን ታክኮ አለፈ። ወደ ኋላ አላየም።

"እቴቴ፣ ያዥው" አለች ድንቡሼ።

"ቆይ፣ እጄ ቀዝቅዟል።"

"ያዥው እኮ ነው የምልሽ።"

ያዘችው። አገጩን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ለእናቱ መለሰችው።

ከሰዓት ቤቷ ገባች። ወገቧ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ይበርዳት ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ሰባት ወር ያልተነካ ስለሆነ ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። የማሽኗን ዘይት አምጥታ ሁለት ጠብታ ጣል አደረገችበት፤ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ቆይታ ገባላት።

ሾፌሩ ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ እንደለመደው በሩን በትከሻው ገፋ፤ ትከሻውን አሳመመው እንጂ አልተከፈተም።

"ማነው የቀረቀረው?" አለ ከውጭ።

"እኔ ነኝ።"

ከውጭ ቁልፉ በባሏ እጅ ሲንሿሿ ተሰማት።

"ሴት ነበረች አይደል?" አለች በሩን ተደግፋ።

"አዎ።"

"ፀጉሯ ብዙ ነበር?"

"ብዙ ነበር። ቀባሪዎቹ እስኪቀበሉኝ ድረስ እኔ ነኝ ያቀፍኳት።"

መቀርቀሪያውን ሳበችና ከፈተችለት። ቁልፉን እንደያዘ ቆሟል፤ ኮቱን አወለቀችለት፣ ወንበር ሳበችለት፣ እሷም ማሽኗን ትታ ከፊቱ ተቀመጠች።

"በል አሁን ንገረኝ" አለችው። "ካቀፍካት ጀምረህ።"