ሽቶ ተቀብቼ የዋልኩበት ቀን

ወንድሜ ወጋየሁ ሰኞ ማታ ላፍቶ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ሞተ። እኔ ማክሰኞ ጠዋት ከደብረ ሲና ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ። የነገረኝ ሰው የለም። "ታሟል፣ ድረሽ" ቢሉኝ ኖሮ መሞቱን ወዲያው አውቅ ነበር፤ እኔም ራሴ ስንቱን በዚሁ ቃል እየጠራሁ መርዶ አስነግሬአለሁ። የመጣሁት ግን ለራሴ ጉዳይ ነው። ልቤን ያመኛል፤ ለረቡዕ ሐኪም ቀጥሮኛል። ወጋየሁ አውቶቡስ ተራ ሊቀበለኝ ተባብለን ነበር።

የተቀበለኝ ለታ ነው። ለታ ከወንድሜ ጋር መካኒሳ አንድ ሽቶ የሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ላንድ ጥምቀት አብረው መጥተው እኛ ቤት ከርሞ ስለሄደ አውቀዋለሁ።

"ወጋየሁ ለሥራ ሞጆ ወርዶ ነው እትዬ ሙሉ። ማታ ይመለሳል፤ እስከዚያ ሥራ ቤታችን ይቆዩ" አለኝ።

ዓይኑ ደም መስሏል። የጠጣ መሰለኝና ታክሲ ውስጥ "አንተ ልጅ፣ ጠጁን ቀነስ አድርግ" አልኩት። "እሺ እትዬ" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሲገሥጹት የሚሰማ ልጅ ደስ ስለሚለኝ እስክንደርስ ድረስ ስመክረው ሄድኩ።

ነገሩን በኋላ ነው የሰማሁት። ለታና የወጋየሁ እድርተኞች ማታውኑ ተሰብስበው መክረዋል። ልቧ አይችልም፣ ሬሳ ካየች አንድ ለቅሶ ሁለት ይሆንብናል፣ ቀብሩ ይለፍና በማግስቱ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ትረዳ ብለዋል። ስለ እኔ ልብ ይህን ያህል አዋቂ መኖሩን አላውቅም ነበር። ያሳደግኩትን ልጅ እንዳልቀብር እድርተኛ ቁጭ ብሎ ፈረደብኝ።

ሽቶ ቤቱ ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የጭቃ ቤት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ትሩፋት በር ላይ ተቀበለችኝ። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ እንደ ለቀስተኛ ደርባዋለች፤ እንዳየችኝ ፈጠን ብላ ገለበጠችው። ሐምሌ ነው፣ በርዷት ይሆናል አልኩ። አንገቴን አቅፋ ስትስመኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። የከተማ ሰው ሰላምታው የከንፈር ነው ሲሉን እንዴት ዋሽተውናል ብዬ ወደድኳት። ለታ "መጣሁ" ብሎ ወጣ። የሄደው ወንድሜን ሊቀብር ነው።

"ሠራተኞቹ የት አሉ?" አልኳት።

"ዛሬ ዕረፍት ሰጥቻቸው ነው።"

በማክሰኞ ዕረፍት የሚሰጥ አሠሪ አይቼ አላውቅም። ይቺስ ደግ ናት፣ ወንድሜ ጥሩ ቤት ገብቷል አልኩ በሆዴ።

ቀኑን መግፋት ነበረባት፤ ስለዚህ አንድም ሳታስቀር አሳየችኝ። የአልኮሉን በርሜል፣ ከውጭ የሚመጣውን ቅመም፣ ሽቶው ተቀምሞ የሚቆይበትን ጨለማ ጓዳ፣ ጠርሙሶቹ የሚሞሉበትን ጠረጴዛ። ከመደርደሪያ ላይ አንድ የበሬ ቀንድ አውርዳ አፉን የደፈነውን ቆዳ ፈታችልኝ። ውስጡ ቢጫ ቅባት ነገር አለ። ጠጋ ብዬ ሳሸት የበሰበሰ ነገር ያሸተትኩ መሰለኝና ወደ ኋላ አልኩ።

"ዝባድ ነው፤ ከጥርኝ የሚወጣ። ከጅማ በኩል ነው የሚያመጡልን" አለችኝ። "ለብቻው ይከረፋል። ትንሽ ጣል ሲያደርጉበት ግን የሌላውን ሽታ ይዞ ያቆየዋል። ዝባድ ያልገባበት ሽቶ ከበር ሳይርቅ ይጠፋል።"

"ወጋየሁ ነው የሚቀምመው?"

"አዎ።" ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች። "ይሄ አልኮል ዓይን ያቃጥላል" አለች።

ጓዳው ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ ጠርሙሶች አንዱን አሳየችኝ፤ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት የቀመመው ነው። እኔንም ቀቢኝ አልኳት። ከሰውና ከዶሮ ጋር ተጨናንቄ ስመጣ ናፍጣ ናፍጣ እሸታለሁ። ወጋየሁ ደግሞ አመሉን አውቀዋለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ "ደብረ ሲና ከነጭሷ መጣች" እያለ ይስቅብኛል። ዛሬስ በራሱ ሽቶ ላስገርመው ብዬ ነው።

ትሩፋት ደነገጠች። "ይቅርብዎ፣ ነገ ይሁን። ለልብ ጥሩ አይደለም" አለች።

"ለገጠር ሰው አይገባም ነው?"

ይህን ስላት የምትገባበት ጠፋት። ሐዘን የወደቀበት ሰው ሽቶ እንደማይነካ እሷ ታውቃለች፤ ያዘነችው እኔ መሆኔንም ታውቃለች። ምን ትበል? ትንሽ ቀድታ ሰጠችኝ። ስስት መስሎኝ እልህ ያዘኝና አንገቴንም፣ ጸጉሬንም፣ ነጠላዬንም ቀባሁት። መልካም ሽታ ነበረው። እጁ የተባረከ ነው አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዝናቡ በረታ። ቀብሩ በላይኛው መንገድ እንዲያልፍ ነበር የተማከሩት። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ኖሮ ወደ ታች፣ በእኛ በር አዙረው አመጡት። በመስኮት አየሁ። ሳጥኑን ተሸክመዋል፤ የሰዉን ፊት ጃንጥላው ሸፍኖታል። እግር ጭቃ ሲረግጥ ከሚሰማው በቀር ድምፅ የለም። አንድ ሴት እንኳ አታለቅስም።

ተነስቼ ቆምኩ። "ነፍስ ይማር" አልኩ። "ምን ዓይነት ቀብር ነው? ይሄ ሰውዬ እናት የለውም? እህት የለውም?"

ትሩፋት ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

በአገራችን ቀብር ሲያልፍ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ጥቂትም ቢሆን መሸኘት አለ። አልቃሽ ያጣ ሬሳ ሲሆንማ ጭራሽ አንጀት ይበላል። ቀባሪ አያሳጣን፣ አልቃሽ አያሳጣን እያልን የምንጸልየው ለዚህ ነው። ወጥቼ ላልቅስለት ብዬ ነጠላዬን ሳዘቀዝቅ ሽቶው ከላዬ ላይ ጎረፈ። አፈርኩ። እንደ ሙሽራ እየሸተትኩ የሰው ሬሳ ልከተል? ለሟቹም ንቀት፣ ለወገኖቹም ስድብ ነው።

"እንዲህ ሆኜ እንዴት እወጣለሁ?" አልኳት።

"አዎ፣ አይሆንም" አለች ቶሎ ብላ። "ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። ሳጥኑ አለፈ። የመጨረሻው ጃንጥላ እስኪጠፋ በመስኮት አየሁ፤ ልቤም ምንም አልነገረኝም። የእናት ልብ፣ የእህት ልብ ያውቃል የሚሉት ውሸት ነው። ማታ እዚያው ትሩፋት ዘንድ ራት በላሁ። ወጋየሁ መኪና ተበላሽቶበት ሞጆ አደረ አሉኝ፤ አምኜ ተኛሁ።

ንጋት ላይ በር ሲከፈት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ቄስ አሉ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለታ ከፊት ቆሟል። አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔን ግን እሱን ከቀበሩ በኋላ አረዱኝ።

አልጮኽኩም። ለታን ጠራሁት።

"ትናንት በዚህ ያለፈው እሱ ነው?"

"እሱ ነው እትዬ።"

"ለምን አላለቀሳችሁለትም?"

ለታ መሬት መሬት አየ። "ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አልቅሰናል" አለ። "እዚህ በር ላይ ግን ሴቶቹን ዝም በሉ ብዬ ለመንኳቸው። እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው።"

እውነቱን ነው። አልሰማሁም።