ግራው ሲያርፍ

ፌንጣ «እንደ ሰሞኑ በርትቼ አላውቅም» ይላል። ፔዳሉ ላይ የተገጠመው የኃይል መለኪያ ደግሞ የወሩን ግፊት ደማምሮ «ይህ ሰው አልቆለታል፤ ይረፍ» ይላል። አሰልጣኙ ሁለቱንም በእኩል ጆሮ ሰማና መለኪያውን አመነ። መለኪያ አይምልም፣ አይገዘትም።

ፌንጣ ብስክሌተኛ ነው። የቅዳሜው ውድድር ካመለጠው ከቡድኑ ይሰናበታል።

«ጋሼ፣ ይህ ዕቃ እኮ የሚለካው ግራ እግሬን ብቻ ነው» ሲል ተማጸነ። «ያንኑ በሁለት አባዝቶ 'የሁለቱም' ይላል። እኔ ደግሞ ከወደቅኩ ወዲህ የምገፋው በግራዬ ነው። ቀኙ ለአጀብ ነው የሚዞረው።»

አሰልጣኙ አገጩን አሻሸ።

«እንግዲያው የደከመው ግራው ነዋ! እስከ ቅዳሜ መሬት እንዳይረግጥ።»

ቡድኑን ላለማጣት ፌንጣ እሺ አለ። እናቱ ለግራው ትራስ ደራርባ፣ በሞቀ ውሃ አጥባ፣ ቅባት ቀብታ አንደላቀቀችው። ቀኙን ዞር ብላም አላየችው።

«እማ፣ ይሄኛውም የኔ ነው እኮ!»

«እሱ ምን ሠራና? ቁርጥ አጎትህን! ሥራ ሲባል የለም፣ ማዕድ ሲቀርብ ከፊት።»

እህቱ በበኩሏ ወንድሟ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ባየች ቁጥር «ስምን መልአክ ያወጣዋል!» እያለች ትንከተከታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ግራው እንደ ሙሽራ አምሮበት መጣ። ቀኙ ግን ባለቤቱን ብቻውን ተሸክሞ ስለ ሰነበተ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። አሰልጣኙ ፌንጣን ብስክሌቱ ላይ አውጥቶ ጥቂት አስገፋውና የመለኪያውን ማሳያ ቢያይ ፊቱ በራ።

«በደንብ አርፈሃል! እንደ አዲስ ሆነሃል!»

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ አሁን ደግሞ ቀኙ ነው ያለቀው! መቆም እንኳ አልቻልኩም።»

አሰልጣኙ ማሳያውን እንደገና አየ፤ መነጽሩን ጠራርጎም አየ።

«ቀኝ የሚባል እዚህ ላይ የለም።»

ፌንጣ ልትሸኘው ወደ መጣችው እናቱ ዞረ። እናቱ ግራውን በስስት እያየች ነበር። የመነሻው ፊሽካ ሊነፋ ሲል ዳኛው መጥቶ «ይህ ልጅ ይወዳደራል ወይስ ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ።

አሰልጣኙ ደረቱን ነፍቶ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ፦

«ግራ እግሩ ይወዳደራል። ቀኙ ከፈለገ ይከተለው!»