የአንደኝነት ዋጋ በዱምያት

የሻሂናዝ ሥራ ግምት ማውጣት ነው። እናቷ ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም። አንድ ነጋዴ «ሰው ስልኩ ላይ ዕቃ ሲፈልግ ከሁሉ በፊት የኔ ሱቅ እንዲመጣለት ምን ያህል ይፈጃል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እሷ ከላይ የተኮለኮሉትን ድረ ገጾች አንድ በአንድ ትመረምራለች። ስንት ዓመት ቆይተዋል፣ ስንት ጽሑፍ ከምረዋል፣ ስንት ሌላ ድረ ገጽ ወደ እነሱ ይጠቁማል። ከዚያ ከመቶ አንድ ቁጥር ትሰጣለች። አሥር ከሆነ ቀላል ነው፤ ዘጠና ከሆነ ገንዘብን ዓባይ ውስጥ መጣል ነው።

አለቃዋ ወጊህ ቁጥሩን አይወደውም። ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። ራሱን «መሃንዲስ» ያስብላል፤ ምን እንደገነባ ግን ያየ የለም። ካይሮ ውስጥ እሱ ባለበት ሕንፃ ብቻ አንደኝነት የሚሸጡ አራት ድርጅቶች አሉ፤ አራቱም ያችኑ አንዲት አንደኛ ቦታ ለአራት ጥርስ ሐኪሞች ሸጠዋል። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ስለማይነጋገሩ ሁሉም ደስተኞች ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ለሰማዩ ላም በየወሩ የመኖ ያስከፍላሉ።

በመጋቢት ወር ሁለቱ የአናጢዎች ከተማ ወደሆነችው ዱምያት ሄዱ። የጠራቸው ሐጂ በድራን ነው፤ ሙሽሮች የሚገዙትን የመኝታ ቤት ዕቃ ከአባቱ ጀምሮ የሚሠራ አናጢ። ሦስት ዓመት ገበያ ርቆታል። የሙሽራ ቤተሰቦች እንደ ድሮው በአውቶቡስ ተጭነው መጥተው ሱቅ ለሱቅ መዞሩን ትተው ስልካቸው ላይ ይመርጣሉ። ለሐጂ የቀረው ሀብት መጋዘኑ ውስጥ ስድስት ዓመት ሲደርቅ የኖረ ዛን የሚባል የባሕር ማዶ እንጨት ነው። ለአንደኝነት የሚከፍለውን አራት መቶ ሺህ ፓውንድ የሚያገኘው እሱን ከሸጠ ብቻ ነው። እንጨት የሌለው አናጢ ምን እንደሆነ ሻሂናዝ ሳይነገራት ገባት።

ሻይና ምሸበክ የተባለው የዱምያት ጣፋጭ ቀረበ። ማዶ ለማዶ የምትነግደው መስተዋት ሻጯ ኢንሺራህ የተበደረችውን መሰላል ልትመልስ ገብታ እዚያው ተቀመጠች።

«ሐጂ፣ ሦስት ወር ብቻ!» አለ ወጊህ ምሸበኩን እየቆረጠመ። «ግብፅ ውስጥ ‹መኝታ ቤት› ብሎ የጻፈ ሁሉ የእርስዎን ፊት ያያል።»

«ኢንሻላህ። አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

ሻሂናዝ ወረቀቷን ዘረጋች። «ዘጠና አንድ ነው፣ ሐጂ።»

«ከመቶ ዘጠና አንድ! ማሻላህ፣ ጥሩ ውጤት ነው።»

«ውጤት አይደለም፤ የከባድነቱ ልክ ነው። ከላይ የተቀመጡት ከውጭ የሚያስመጡ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። እነሱን ለመንቀል ሁለት ዓመትና አምስት እጥፍ ገንዘብ ያስፈልጋል። ያኔም ላይሆን ይችላል።»

ወጊህ እግሯን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«ሌላ መንገድ አለ» አለች። «በወር አራት ሺህ ሰው ‹የዱምያት ዛን መኝታ ቤት ስንት ነው?› ብሎ ይጠይቃል። አንድም ገጽ አይመልስለትም። ክብደቱ ከመቶ አራት ነው።»

«ለምን አራት ሆነ?»

«እዚህ ከተማ ዋጋ የጻፈ ሰው ስለሌለ ነዋ! ሁሉም ‹ለዋጋ ይደውሉ› ብሎ ነው የሚጽፈው። እርስዎ ዋጋዎን ይጻፉ፤ በአንድ ወር ውስጥ አንደኛ ነዎት። ያለ ምንም ወጪ።»

ዱምያት ውስጥ ዋጋ የሚነገረው ከሁለተኛው ሻይ በኋላ፣ የገዢው ጫማና የሚስቱ ወርቅ በደንብ ከታየ በኋላ ነው። ሰባተኛው ሻይ ላይ የሚነግሩም አሉ። ዋጋ መለጠፍ ልብስ አውልቆ አደባባይ መቆም ነው።

«ዋጋ የሚለጥፈው ቲማቲም ሻጭ ነው!» አለ ሐጂ። «አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይተፋብኛል። ጎረቤት ዋጋዬን ካየ በኋላ ምን ቀረኝ?»

«ጎረቤትማ ዋጋዎን ድሮም ያውቀዋል፣ ሐጂ» አለች ኢንሺራህ። «የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። ልጄ፣ መጻፉ ስንት ያስከፍላል?»

«የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ መስተዋትሽን ወልውዪ!» አለ ሐጂ፤ ወጊህም ከሁሉ በላይ ጮኾ ሳቀ። ውሉ ተፈረመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሐጂ ውሉን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሲመለሱ ወጊህ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። «የኔ ሠራተኛ ነሽ የሱ?» አላት።

«ቁጥሩን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።»

«ሰው ቁጥር አይገዛም፣ ተስፋ ነው የሚገዛው። ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

ሻሂናዝ ወርዳ አውቶቡስ ያዘች። ወጊህን መናቅ የጀመረችው ገና ሥራ በገባች በሳምንቷ ስለነበር፣ ያን ቀን ምንም አዲስ ነገር አልተሰማትም። የከነከናት ሐጂ ነው። አራትን ንቆ ዘጠና አንድን የሚመርጥ ሰው አይታ አታውቅም።

እንጨቱን የገዛችው ኢንሺራህ ናት። አራት የወርቅ አምባሯን ሸጠች፤ ሐጂም ዛን እንጨት በሴት እጅ መግባቱን በየሻይ ቤቱ እያወራ ሳቀበት። እሷ ሁለት ሥራ የፈቱ አናጢዎች ቀጥራ መኝታ ቤት ማሠራት ጀመረች፤ ሻሂናዝንም ጠርታ አንድ ገጽ አስጻፈች። ሰባት ፎቶ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ዋጋው፣ እስከ ጣንጣና እስከ ማንሱራ የማጓጓዣው ሒሳብ ተጻፈበት። ለተረፈው ጥሬ እንጨት እንኳ የሜትሩ ዋጋ ተለጠፈ። በሃያ ስድስተኛው ቀን አንደኛ ሆነች። ከተማው «ነውረኛ» አላት፤ የሙሽራ ቤተሰቦች ግን በሯ ላይ ተሰለፉ።

ለሐጂ ደግሞ ወጊህ በየወሩ አረንጓዴ ቀስት የተሳለበት ሪፖርት ይልክለት ነበር። ሱቁ ከፍለጋው ውጤት ገጽ ዘጠኝ ወደ ገጽ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አራት። ገጽ አራት ላይ ማን ይደርሳል? የሱቁ ባለቤት ብቻ፣ እሱም ራሱን ሲፈልግ። ስድስት ወር አለፈ፤ አንድ ስልክ አልተደወለም። ሐጂ ሲጮህ ወጊህ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ሌላ ሦስት ወር እንጨምር» አለው።

በመስከረም ሻሂናዝ ኢንሺራህ ዘንድ ስትሠራ ሐጂ ከሱቁ በር ላይ ጠራት። ከስቷል። አውደ ምርቱ ውስጥ የመጋዝ ድምፅ የለም።

«ልጄ፣ ገምቺልኝ። እሷን ከላይ ለማውረድ ስንት ነው?»

«ከመቶ ሠላሳ። ግን እርስዎም ዋጋዎን መጻፍ አለብዎት።»

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እጽፋለሁ። አባቴ ይቅር ይበለኝ።»

ሻሂናዝ ለስድስት ወር ሙሉ ስትንቀው የኖረችው ሰው በዚያች ቃል አሳዘናት። «ጥሩ፣ ሐጂ። የምን ዋጋ እንጻፍ? ምን የተሠራ አለ?»

ሐጂ ባዶውን መጋዘን አየ። ከዚያ ኮቱን ለብሶ መንገዱን ተሻገረ፤ እሷም ተከተለችው። ኢንሺራህ ገዢዎች ከበዋት ነበር። እሱ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ስለ ልጆቿ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ሻይ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ማንም ሻይ አላመጣም።

«ያ እንጨት…» አለ ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሽ ብወስድ፣ ለጎረቤት፣ ስንት ትይኛለሽ?»

«ሐጂ፣ ሰው ይዣለሁ» አለች ኢንሺራህ ሜትሯን ሳታጥፍ። «ተጽፏል፤ ስልክዎ ላይ ያንብቡት።»

ሐጂ መነጽሩን አውጥቶ በአንድ ጣቱ ፈለገ። ገጹ ከሁሉ በፊት መጣለት። ዋጋው እሱ የሸጠበት እጥፍ ነበር፤ ከታችም «ክርክር የለም» ይላል። ያንን መስመር የጻፈችው ሻሂናዝ ራሷ ነበረች፤ ሐጂ ቀና ብሎ ሲያያት ሻይ ልታፈላለት ሄደች።