ከነጠመንጃቸው ገቡ

«ባለፈው ማክሰኞ የወይራ አምባ ሰዎች፣ አለቃቸው ፈንታን አስቀድመው፣ ከነጠመንጃቸው ገቡ!» ብሎ የሽዋስ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበ። ድምፁ የደብረ ማርቆስን የቅዳሜ ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሰው።

እንዳላማው ጨው ተራ ጥግ ቆሞ የገዛ ቃሉን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ጣሊያን በከፈተው ጽሕፈት ቤት ከየሽዋስ ጋር የጋዜጣ ሥራ መማር ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፤ ከእጁ ወጥቶ ሕዝብ የሰማው የመጀመሪያ ዜና ይኸው ነበር። በሚመጣው ወር ከሁለቱ የተሻለው አዲስ አበባ ሄዶ ትምህርቱን እዚያው ማተሚያ ቤት ይቀጥላል ተብሏል።

ያኮራው ግን ሌላም ነገር ነበር። መምህራቸው አቶ ዓባይ «ወይራ አምባ እጁን ሰጠ ብለህ ጻፍ» ብለው ሲያዙት እውነቱን ያውቅ ነበር፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። ጋሼ ፈንታና ሰዎቹ እጃቸውን አልሰጡም፤ ዱር ገብተዋል። እምቢ ቢል እስር ነው፤ ቢዋሽ ደግሞ ኃጢአት። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ የቅኔ ቤት ብልሃቱ መጣለትና «ገቡ» ብሎ ጻፈ። ለጣሊያን፣ ለመንግሥት ገቡ። ለአገሬው፣ ዱር ገቡ። ሰሙ ለጌቶች፣ ወርቁ ለወገን።

አቶ ዓባይም «አጭርና ግልጥ! ዜና ማለት እንዲህ ነው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ገበያተኛው ግን ወርቁን የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም።

«ፈንታም ገባ? እሱ ከገባ እንግዲህ ማን ቀረ!» አለ አንድ በግ ጎታች።

«ሁሉም ለሆዱ ነው፣ ወንድሜ» አለ ሌላው።

የእንዳላማው ፈገግታ ከፊቱ ላይ ረገፈ። በዚህ መሀል ስልቻ የታቀፈች ሴት ስትመጣ አየ። የፈንታ ሚስት ሙላቷ ናት። ያን ስልቻ ያውቀዋል፤ ከላይ ገብስ ነው፣ ከሥሩ ዱር ለገቡት የሚላክ በሶ።

«እትዬ ሙላቷ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እንደ ገቢ ሚስት ዋልሁ» አለችው፣ ቀና ብላም ሳታየው። «ይህን ስልቻ የሚገዛኝ ፈልግልኝ። ለገባ ሰው ስንቅ አይላክም።»

«ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የሚገባው ሬሳዬ ነው ብሎኝ ነበር የወጣው። መግባቱን ደግሞ ከወረቀት ልስማ?»

እንዳላማው ጠጋ አላት። «አልገቡም። ማለቴ ገብተዋል፤ ግን ቃሉ ኅብር አለው። ዱር ገቡ ለማለት ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ? የጻፈው ሰው ልብ ውስጥ ነበርህ?»

ዞር ብሎ አየ። ሁለት ባንዳዎች ከየሽዋስ አጠገብ ሸንኮራ ያኝካሉ። ወይራ አምባ እንዳላማውን የሚያውቀው ማርቆስ ደጅ ቅኔ ሲቆጥር ነው፤ እናቱም ለሰው የምትነግረው ይህንኑ ነው፤ ለጣሊያን መጻፉን የሚያውቅ የለም። ዝም ቢል ስልቻው ይሸጣል፣ ዱር ያሉትም ጦማቸውን ያድራሉ።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አላት።

ሙላቷ አሁን ቀና አለች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ የቆሎ ተማሪ የማያደርገው ጫማው ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምሰማው የተባለውን ነው። ሰው ዱር ገባ ለማለት ዱር የምትለዋ ቃል ከብዳህ ነው?»

ጆሮው ጋለ። ያቺን ያህል የተራቀቀባትን ቃል አሁን ለራሱ ሊደግማት እንኳ አስጠላችው።

ሙላቷ የስልቻዋን አፍ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ጀርባዋ ላይ አወጣችው። «ይሁን፣ እኔስ አመንሁህ» አለች። «ይህ ሁሉ ሰው ግን የባሌን ስም አጉድፎ ሊሄድ ነው። ከየቤቱ እየዞርሁ እኔ ልንገርልህ?» መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች።

ሰው ከገበያው መበተን ጀምሯል። አጠገቡ አንዲት ጨው ሻጭ ጨርቋን እያጠፈች «አይ ፈንታ፣ አይ ፈንታ» ትላለች። ባንዳዎቹ ሸንኮራቸውን ጨርሰው ወደዚሁ ይመጣሉ። እንዳላማው አያቸው፤ አይቶም ወደ ጨው ሻጯ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ቅድም የተነበበውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ፈንታ የገቡት ዱር ነው» አላት።