የምራታቸው ጥቁር ጠመንጃ

«እንዴ! ዘንድሮም ያንን የምንጣፍ መጥረጊያ ይዘሽው መጣሽ?» አሉ ጋሽ አርቪድ፣ ምራታቸው ኮርሊስ ጠመንጃዋን ከፒክአፑ ስታወርድ ከሩቅ አይተው።

«ምን ላድርግ አባባ፣ የእርስዎ ካምፕ መቼም ተጠርጎ አያውቅ!»

እሳቱን የከበበው አዳኝ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ አርቪድም ሳቁ፤ የዘንድሮ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም።

ኮርሊስ የልጃቸው የቴረል ሚስት ናት። ከኔቫዳ በረሃ የመጣች፣ ወታደር ቤት መካኒክ የነበረች ሴት። ባሏ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ተረኛ ሆኖ ሲቀር እንኳ እሷ ከአማቷ ጋር ተራራ ከመውጣት ቀርታ አታውቅም። ሥራ ታውቃለች፣ መልስም አታጣም። ይህን ሁሉ ጋሽ አርቪድ ይወዱላታል። ጠመንጃዋን ነው እንጂ የማይወዱት!

በሞንታና ሰው ዘንድ በእጀታ የሚቀባበል ጠመንጃ እንደ ቤተሰብ ነው። ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ፤ ቀለሁ ወጣ፣ አዲሱ ጥይት ገባ፤ አለቀ። የጋሽ አርቪድ ጠመንጃ የአባታቸው ነበር። የእንጨት ሰደፉ በእጅና በጉንጭ ብዛት ለስልሶ የሚያብረቀርቅ፣ ብረቱ ከመያዝ የተነሳ ጥቁረቱን ለቆ የነጣ። ማነጣጠሪያው ከኋላ አንዲት ስንጥቅ፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ፍሬ ናት፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? የኮርሊስም ዘሩ ያው ነው፤ በዚያው በእጀታ የሚቀባበል። ግን ምን ያልሆነው አለ! እንጨቱን አውልቃ ጥቁር ፕላስቲክ አልብሳዋለች። ከላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መስታወት አስራበታለች። ሰደፉ ላይ ጥይት የሚሰካበት ጨርቅ አለ። አፈሙዙ ላይ ደግሞ ቴርሞስ የሚያክል ድምፅ ማፈኛ ጠምዝዛበታለች።

«በሬ ጎማ ቢያስሩለት ትራክተር ይሆናል?» ይላሉ ጋሽ አርቪድ፣ ከተማ ወርደው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁርስ ሲበሉ። ሽማግሌዎቹም እንቁላላቸውን እያላመጡ «አይሆንም!» ይላሉ። ይህ ወሬ ኮርሊስ ጆሮ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።

ካምፑ ደግሞ ሕግ አለው፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ አርቪድ ናቸው። አደኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው እያንዳንዱ ሰው መቶ እርምጃ ላይ በተሰቀለ የወረቀት ሳህን ላይ ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ሦስቱም ሳህኑ ላይ ካረፉ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል። አንዷ እንኳ ከሳተች በዚያ ጠመንጃ አይወጣም፤ ካምፕ ቀርቶ ድንች ይልጣል፣ ሳህን ያጥባል።

ይህ ሕግ የጭካኔ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከካምፑ ሰዎች አንዱ አንድ ኤልክ መንጋጋውን መትቶ ሰደደው። ኤልክ ማለት እኮ በቅሎ የሚያህል አጋዘን ነው። ጋሽ አርቪድ በረዶ ላይ የተንጠባጠበውን ደም ተከትለው ሲማስኑ ከረሙ፤ አላገኙትም። በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ወንዝ ዳር አጥንቱን አገኙት። እንስሳው ሣር ማኘክ አቅቶት በረሃብ ነበር የሞተው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ዘመድ አያውቅም። ልጃቸው ቴረል እንኳ በሠርጉ ዓመት፣ አዲሷ ሙሽራ እያየችው፣ ሽርጥ ታጥቆ ድስት ሲፈገፍግ ከርሟል።

እንግዲህ ዘንድሮ ጉድ የፈላው በሕግ አውጪው ላይ ነው። ጋሽ አርቪድ ለማንም አልተናገሩም እንጂ ያቺ የአፈሙዝ ፍሬ አብጣ ጥጥ መስላባቸዋለች፤ የኋላዋ ስንጥቅ ደግሞ ጭራሽ ጉም ናት። አምና ሳህኑን ያገኙት በእግዜር ቸርነት ነው። ዘንድሮ ከወደቁ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ዓይን አይጨምርላቸውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየመከሩ የወጡበትን ተራራ ከድንኳን ሆነው ሊያዩት ነው።

ተራቸው ደረሰ። ተንበረከኩ፣ ሰደፉን ጉንጫቸው ላይ አሳረፉ፣ ተኮሱ። እጀታውን ገፋ፣ መለስ፤ ሁለተኛ። ገፋ፣ መለስ፤ ሦስተኛ። ጆሯቸው እንደ ወትሮው ጭው አለ። ኮርሊስ ወደ ጎን ቆማ በአቅርቦ ማያ መነጽሯ ሳህኑን ታያለች።

ሳህኑን ሊያመጡ የሄዱት ጓደኛቸው ጋሽ ሌስተር ነበሩ። ከልጅነት ጀምሮ የአንድ አጥር ጎረቤት፣ ሳይነጋገሩ የሚግባቡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ሳህኑን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው ይዘውት ነበር።

«ሦስቱም! ሦስቱም ገብተዋል!»

ካምፑ አጨበጨበ። ጋሽ አርቪድ ሳህኑን ተቀበሉና አገላበጡት። ጥይት ወረቀት ሲበሳ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ግራጫ ቀለበት ይተዋል፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሦስቱ ቀዳዳ አንዱ ቀለበት አለው። ሁለቱ ግን ምንም የላቸውም፤ እንዲያውም ዙሪያቸው ሰማያዊ ነው። ቀና ብለው የጋሽ ሌስተርን የሸሚዝ ኪስ አዩ፤ እስክሪብቶው እዚያው ተሰክቷል። ጋሽ ሌስተር ሰማዩን ያያሉ፣ ወፍ የሚቆጥሩ ይመስል።

አይ ጓደኝነት! ሳህኑን አጥፎ ኪስ መክተት ብቻ ነው የቀረው፤ ማንም አይጠይቅም። ነገ ማለዳ ተራራው ላይ ናቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸውም ይዘው ቆሙ። ግን ያ መንጋጋው የተሰበረው ኤልክ መጥቶ ፊታቸው ድቅን አለ። በጥጥና በጉም መሐል እያነጣጠሩ ሌላውን ቢያቆስሉስ?

«ሌስተር» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ሰማያዊ ጥይት መተኮስ የጀመርኩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ነገሩ ለሁሉም ገባውና ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ሌስተር ዞረ።

«አርቪድ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። ከአንጀትህ ነው ያደረግከው፤ አልረሳልህም። ግን አንዷ ብቻ ናት የኔ። ዘንድሮ አብሳዩ እኔ ነኝ።» የአባታቸውን ጠመንጃ ከቆዳ ማኅደሩ ከተቱና ወደ ድንኳኑ ገቡ።

ድንኳኑ ውስጥ ድንች ይዘው ተቀመጡ። እንባቸው ወረደ። ሽንኩርት ነው እንዳይሉ ገና ሽንኩርቱን አልነኩትም። ኮርሊስ ገባች፤ ያንን ጥቁር ጠመንጃ ጥይት እንደሌለበት አሳይታ ከድንቹ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የምንጣፍ መጥረጊያ።»

«ኮርሊስ፣ ዛሬ ለቀልድ የሚሆን ሆድ የለኝም።»

«እኔም አልቀለድኩም። እስቲ በመጋረጃው በኩል ይዩ፤ እዚያ ማዶ የአጥሩ እንጨት ላይ ምን አለ?»

«ጭልፊት ነው። ክንፉን እያበጠረ።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጭልፊት መሆኑን እንጂ የሚያበጥረውን አላየሁም። ዓይንዎ የሩቁን አልጣለም አባባ፤ የቅርቡን ነው የጣለው። በዚያኛው ሲያነጣጥሩ ስንጥቋን፣ ፍሬዋንና አውሬውን፣ ሦስቱን አንድ ላይ ማየት አለብዎት። በዚህ ግን አውሬውን ብቻ ነው የሚያዩት። ነጥቡ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። ሕጉም የከለከለዎት በዚያኛው እንዳይወጡ ነው፤ በዚህ አዲስ ሳህን ይተኩሱ።»

ጋሽ አርቪድ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኔ ይህን ነገር ስሰድብ ስንት ጊዜዬ! አሁን በየት ፊቴ ልያዘው?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ሲሰድቡት አንድ ቀን እንኳ ለምን እንዲህ አደረግሽው ብለው ጠይቀውኛል?»

አልጠየቋትም።

«ወታደር ቤት ጆሮዬ ተጎድቶ ነው የወጣሁት። ሌሊት ሲጮህብኝ ያድራል። ለዚያ ነው ማፈኛው። ፕላስቲኩ ደግሞ በረዶ ላይ ስለምጥለው ነው፤ እጄ ሲበርደው አይዝልኝም። መስታወቱን ያሰርኩት ደግሞ አውሬ ማቆሰል ስለምፈራ ነው። የዚያን ኤልክ ታሪክ እኮ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ አርቪድ ምራታቸውን ዛሬ ገና ያዩዋት መሰላቸው። በአፋቸው ሕግ ሲያወሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ሕጉን ጠመንጃዋ ላይ አስራ የምትዞረው ግን እሷ ናት።

«የአባቴንስ ጠመንጃ በስተን መስታወት ብናስርለት?» አሉ ቀስ ብለው።

ኮርሊስ ፊቷ ተለዋወጠ። «በፍጹም! ያን ብረት መሰርሰሪያ አይነካውም። ልነካው የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ይብሳኝ። የእርስዎ አባት እንደያዙት ነው ለልጆቼ የሚደርሰው።»

ለካ የእንጨቱም ጠመንጃ ጠበቃ ይህችው ባለ ጥቁር ጠመንጃዋ ናት! ጥቁሩን ጠመንጃ አነሱት። እጀታውን ገፋ፣ መለስ አደረጉ፤ እጃቸው ምንም አልጠፋበትም።

«አንድ ነገር ብቻ አለ» አለች፤ «ማፈኛው በሕግ በኔ ስም ነው የተመዘገበው፤ ከጎንዎ አልለይም። ተቀምጠው ሲያንኮራፉ እኔ ነኝ የምቀሰቅስዎት።»

«እኔ አላንኮራፋም።»

«ቴረል በማን እንደወጣ አውቄዋለሁ እንግዲህ።»

አዲስ ሳህን ተሰቀለ፤ ጋሽ አርቪድ በጥቁሩ ጠመንጃ ሦስት ተኮሱ። ጋሽ ሌስተር ሊያመጡ ሲነሱ ካምፑ ባንድ አፍ «ኪስህን አራግፍ!» አላቸው፤ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሦስቱም ቀዳዳዎች በመዳፍ ይሸፈናሉ፤ ሦስቱም ግራጫ ቀለበት አላቸው። ቀጥሎ ጋሽ አርቪድ የአባታቸውን ጠመንጃ ከማኅደሩ አውጥተው ለኮርሊስ ሰጧት።

«አንቺም በዚህ ተኩሺ። ነገ ያላንቺ የሚይዘው የለም።»

እሷ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ተቀበለች። ተኩሳ ስትነሳ ሳህኑን ለማየት እንኳ አልቸኮለችም፤ ሰደፉን ታሻሻለች። ሳህኑ ሲመጣ ሦስቱም ገብተዋል።

በማግስቱ ሲነጋጋ አማትና ምራት ከሸንተረሩ ላይ ከወደቀ ጥድ ጀርባ ተቀምጠዋል። በረዶው አዲስ ነው። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። ብዙ ቆዩ፤ ጋሽ አርቪድ አላንኮራፉም። ከዚያ ከጥዶቹ መሐል አንድ ኤልክ እየተጎማለለ ወጣ፤ ቀንዱ ላይ በረዶ ተሸክሟል። ቆሞ ጎኑን ሰጣቸው።

ጠመንጃውን ከፍ አደረጉ። ጥጥ የለም፣ ጉም የለም። ኤልኩን አዩት፤ ትንፋሹ ሲጨስ፣ ትከሻው ላይ ያለው ፀጉር በነፋሱ ሲተኛ ሁሉ አዩት። ቀዩ ነጥብ ከትከሻው ኋላ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ቃታውን ሳቡ።

ጋሽ አርቪድ ዕድሜ ልካቸውን ከተኮሱ በኋላ የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭው የሚል ፉጨት። ግማሽ ቀን አይለቃቸውም። የተኩስ ዋጋ ነው ብለው ተቀብለውት ኖረዋል። አሁን ግን ማፈኛው ድምፁን ዋጠው፤ ፉጨቱ አልመጣም። ጥይቱ ሲያርፍ ሰሙት። ኤልኩ ጥቂት ተራምዶ በረዶው ላይ ሲወድቅ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ከሥሩ ሲሰበር ሰሙት። ከጥዱ ላይ በረዶ ሲንሸራተት፣ ከታች ወንዙ በበረዶው ሥር ሲያጉረመርም፣ አንዲት ወፍ ስትቆጣ፤ ሁሉንም ሰሙ። ከጎናቸው ኮርሊስ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ስትለቅ ሳይቀር ሰሙ።

«ወደቀ አባባ! አንድ ጊዜ ብቻ! አልተሰቃየም!»

እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዶ እየቀዘቀዘ ነው።

«አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም። ዝም በይ እስቲ፣ ልስማበት» አሉ። ቆዩና ክንዷን ያዙ። «አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ፤ እኔም ሳልሰማ ልሞት ነበር። በሰደብኩሽ አፌ እግዜር ይስጥልኝ ልበልሽ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ዓይን ሰጠሽኝ፣ ጆሮ ሰጠሽኝ። ምን ብዬ ነው የማመሰግንሽ?»

ኮርሊስ መልስ አታጣም ብያለሁ፤ ያን ጊዜ አጣች። የአባታቸውን ጠመንጃ ደረቷ ላይ አቅፋ ይበልጥ ተጠጋቻቸው፤ ወንዙን አብረው ይሰሙ ጀመር።