ያልታዩት ሁለት ቧንቧዎች

ቤተሰቡ «ዓይናማዋ» ይላታል። የአልትራሳውንድ ባለሙያ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የጠፋ መርፌ ሳይቀር የምታገኘው እሷ ናት። የወንድሟ ሚስት ስታረግዝም ሌላ ሰው ሆዷን እንዲያይ ማንም አልፈለገም። በምርመራው ቀን ነፍሰ ጡሯን ተከትለው ባሏም አማቷም ገቡና ጠባቧን ክፍል ሞሏት።

«እስኪ አፍንጫውን አሳዪን፣ በማን እንደወጣ እንወቅ!» አለች አማቷ፣ የዓይናማዋ እናት፣ ገና ሳትቀመጥ።

ዓይናማዋ ከልቡ ጀመረች። አራቱ ክፍሎች ደህና ናቸው። ከልብ የሚወጡትን ሁለት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ልታይ ስትል ሕፃኑ ጀርባውን ሰጣት። ሌላ ሴት ብትሆን «ትንሽ ተራምደሽ ተመለሽ» ትላት ነበር። ከዘመድ ጋር ግን ሥራው ጨዋታ ሆነ። ሕፃኑ ዞር ሲል ፊቱን አሳየቻቸው፣ በአያቱ አፍንጫ ተሳሳቁ፣ እሷም «ደህና ነው፣ አትስጉ» ብላ ሸኘቻቸው።

ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አላት። የሌላ እርጉዝ ሆድ ላይ እነዚያን ቧንቧዎች ባየች ቁጥር ያላየቻቸው ትዝ ይሏታል። በመጨረሻ ደወለች።

«ነገ ብቅ በይ እስኪ፣ ማሽኑ በደንብ አልጠራልኝም ነበር።»

ጥፋቷን በማሽን ማላከኳ ደግሞ ሌላ ጸጸት ሆነባት።

የወንድሟ ሚስት በማግስቱ ብቻዋን መጣች። ቧንቧዎቹ አንዱ ሌላውን አቋርጦ ማለፍ ሲገባው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ዓይናማዋ ምስሉን አቁማ ደግማ አየችው።

«ምንድነው? ንገሪኝ።»

«ቧንቧዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሲወለድ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ግን የልብ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ነው መውለድ ያለብሽ። ሳይታወቅ እዚሁ ሰፈር ብትወልጂ ኖሮ...»

የወንድሟ ሚስት እያለቀሰች እጇን ስባ ሳመችው። «አንቺ ባትኖሪልኝ ማን ያይልኝ ነበር?»

ምስጋናው ከስድብ ባሰባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ማሽኑ ደህና ነበር» አለች። «ያን ቀን ቧንቧዎቹን አላየኋቸውም። ሳላይ ነው ደህና ነው ያልኩሽ።»

የወንድሟ ሚስት እጇን ለቀቀች። ቀሚሷን አውርዳ ልትነሳ አለችና ተመልሳ ተኛች፤ ቀሚሱንም መልሳ ገለጠች።

«በይ እንደገና ጀምሪ» አለች። «አሁን ግን እንደማታውቂኝ ሆነሽ እዪኝ።»