ትከሻዋ ላይ የተቀመጠው ወረቀት

ከሰዓት በኋላ የጀመረው ድምፅ አሁንም አላቆመም። «ስስስስስስ…» ይላል፤ ያቋርጣል፤ ረጅም አየር ሲሳብ ይሰማል፤ ደግሞ «ስስስስስስ…»።

እማማ ድንቅነሽ ድስቱን ከእሳት አወረዱና ኮቴያቸውን አጥፍተው ወደ ልጅቷ ክፍል ተጠጉ። በስደት በመጡበት አገር፣ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ እዚህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። ይህ ግን የጎረቤት ድምፅ አልነበረም። ከልጅ ልጃቸው ከማራናታ ክፍል ነው የሚወጣው።

ድምፁን ያውቁታል። ዱራሜ ሳሉ ሃያ ዓመት በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን አገልግለዋል። ክፉ መንፈስ የያዘው ሰው ሲጸለይለት መሬት ላይ ተዘርሮ እንደ እባብ ሲያፏጭ ስንቴ አይተዋል፤ እጃቸውን ጭነው ስንቱን ገሥጸዋል። ያኔ ግን የባዕድ ልጅ ነበር። ዛሬ የገዛ ልጃቸው ልጅ ናት።

በሩን በረገዱት። «በኢየሱስ ስም!»

የአሥራ አራት ዓመቷ ማራናታ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ዓይኗ ተጨፍኗል። ሆዷ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር መጽሐፍ ተቀምጦ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እማማ ቀረብ ብለው መጽሐፉን ለዩት። የራሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ባለ ትልልቅ ፊደሉ፣ ከአገር ቤት በጉያቸው ይዘውት የመጡት።

«እማማ! አስደነገጥሽኝ እኮ!»

«እኔ ነኝ ያስደነገጥኩሽ? የእግዚአብሔር ቃል ሆድሽ ላይ ምን ይሠራል?»

«ከባድ ስለሆነ ነው። ሰር ‹ቤት ካለው መጽሐፍ ሁሉ ከባዱን ፈልጉ› አለን። አየሩ እታች ከወረደ መጽሐፉ ይነሣል። በደረት አይደለም፣ በሆድ ነው የሚተነፈሰው።»

«ፉጨቱስ?»

«እሱ ደግሞ ማውጫው ነው። በአራት ቆጥሬ እስባለሁ፣ በአሥራ ስድስት ቀስ አድርጌ አወጣለሁ። ይሄን ሳንሠራ ትራምፔት አንነካም። ሩል ነው።»

እማማ መጽሐፍ ቅዱሱን አነሡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉትና ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ሰር፣ ሰር፣ ሰር! ሰው መተንፈስ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ዛሬ ገና ሰማሁ። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመት የተነፈስኩት ማን አስተምሮኝ ነው?»

«ሰር» የምትለው ሚስተር ኩማሎ የሚባለውን ሰው ነው። ዱርንፎንቴን በሚገኝ አንድ የድሮ ትምህርት ቤት ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይሰበስባል፤ ከፊሎቹን ከበሮ፣ ከፊሎቹን ትራምፔትና ሌላ ሌላውን የነሐስ መሣሪያ እያስያዘ በሰልፍ እየሄዱ መጫወት ያስተምራቸዋል። ማራናታ እዚያ መሄድ ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። አባቷ ማናሴና እናቷ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ባላቸው፣ ስፓዛ በሚሉት ትንሽ ሱቅ ነው የሚያድሩት፤ ቤት የሚመጡት ለእሑድ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ያለችው በእማማ እጅ ነው። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል? ማንም እንዲህ ብሎ አልነገራቸውም፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ለራሳቸው ይነግሩታል።

ያውም ይቺ ልጅ! አራት ዓመቷ ላይ አስም ይዟት ስንት ጊዜ በእማማ ክንድ ላይ ቁጭ እንዳለች ነግቶባታል። ሐኪሙም እናቷም ሳያውቁ በፊት እሳቸው ያውቁ ነበር፤ ምልክቱ ትከሻዋ ነው። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ መውጣት ከጀመረ መጣ ማለት ነው። ሕመሙ ለመጨረሻ ጊዜ ከተነሣባት ሁለት ዓመት ቢያልፍም የአስሟ ፓምፕ፣ ያ አፍ ውስጥ የሚረጩት ሰማያዊ ዕቃ፣ ከእማማ ቀሚስ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ማራናታ ግን የራሷን ከመሳቢያ አታወጣም። «ድኛለሁ እማማ» ትላለች።

ዓርብ ዕለት ልጅቷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ እማማ ቦርሳዋን ከፈቱ። ከደብተሮቹ ሥር አንድ ስንዝር የማይሞላ ነጭ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አገኙ። አፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት። ከእሱ ጋር በካልሲ የተጠቀለለ ትንሽ የብረት ዕቃ፤ ከላይ ጽዋ የመሰለ፣ ከታች እንደ ፒፓ የቀጠነ።

መንገዱ ጥግ ላይ የሚሰበሰቡት ኛኦፔ የሚሉትን አደንዛዥ ዕፅ የሚያጨሱ ልጆች እጃቸው ላይ ቱቦ የመሰለ ነገር አይጠፋም። እማማ ብረቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የሳሙና ሽታ ብቻ። ይሄ ደግሞ የባሰ አሳሰባቸው፤ ንጹሕ ነገር በሳሙና ማን ያጥባል? የሚደበቅ ሽታ ቢኖረው ነው እንጂ። ይጠርጠር፤ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።

ቧንቧውን መለሱት። ብረቱን የሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ እታች ቀበሩትና ክዳኑን ገጠሙ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የቦርሳው ዕቃ በሙሉ አልጋው ላይ ተዘርግፎ ነበር።

«እማማ፣ ማውዝፒሴን አይተሻል? የትራምፔቴ አፍ ላይ የሚሰካው፤ ትንሽ ጽዋ የሚመስል።»

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ እማማ ሽንኩርት እየላጡ። ሽንኩርቱ ጥሩ ሰበብ ሆናቸው፤ ቀና ብለው አላዩአትም።

«እማማ ፕሊስ! ነገ ሰር ይመርጣል። አሥራ ስምንት ነን፣ ሰልፉ ውስጥ የሚገቡት አሥራ ሁለት ናቸው። ያለሱ ምኑን እነፋለሁ?»

«ባትነፊስ ምን ይቀርብሻል?»

ማራናታ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ። እማማ የለመዱት ኩርፊያዋን ነበር። እንዲህ ያለውን ልቅሶዋን አያውቁትም።

ማናሴ ጋ ደወሉ። ከጀርባው ደንበኛ ዳቦ ይጠይቃል፤ እሱ በአንድ አፍ ለደንበኛው በዙሉ፣ ለእናቱ በአማርኛ ይመልሳል።

«እማዬ፣ ሙዚቃ ነው እኮ። ተያት። ከመንገድ ላይ ይሻላል።»

«መምህሩ አስም እንዳለባት ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ ብላለች።»

«እሷ ናት ያለችው?»

«አዎ።»

«አንተስ ጠየቅኸው?»

«እማዬ፣ ሱቅ ላይ ነኝ…»

ጠዋት ማራናታ ስትነሣ አያቷ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ፓምፑ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከሽሮው የወጣው ብረት በመሐረብ ተቋጥሮ ጡታቸው ሥር ነው። ለምን እንደያዙት ራሳቸውም አያውቁም፤ ምናልባት ለሰውየው «ይሄ ምንድነው?» ብለው ሊያሳዩት።

«ወዴት ነው?»

«ካንቺ ጋ።»

«እማማ ኖ! የማንም አያት አትመጣም!»

«እንግዲያው የመጀመሪያዋ እኔ ነኛ።»

ታክሲ ውስጥ ማራናታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እማማ ኪሳቸውን እየዳበሱ ደረሱ።

ግቢው ሲገቡ እማማ የጠበቁት ጩኸት ነበር። ያገኙት ዝምታ ነው። ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ቅዳጅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ደግፎ በትንፋሹ ብቻ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። እጅ የለም፤ እፍታ ብቻ። ወረቀቱ ሲወድቅበት አንሥቶ እንደገና። ራሰ በራውና ረጅሙ ሚስተር ኩማሎ አፉ ውስጥ ያችን የመሰለች የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ነክሶ፣ ጉሮሮ እንዴት እንደሚከፈት እያሳየ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘዋወራል። ጢስ የለም። እማማ አፍንጫቸውን ነፍተው አሸተቱ፤ የለም። ግን አላመኑም። ሰው ሲመጣ ሁሉም ጨዋ ነው።

«ሳውቦና ጎጎ!» አላቸው ሰውየው፣ አያት በሚጠሩበት ስም፣ ጎንበስ ብሎ በዙሉ ሰላምታ እየሰጠ። እማማ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከለስላሳ መጠጥ ሣጥኖች አንዱን ገልብጠው ተቀመጡበት።

ከዚያ ልጆቹ በግማሽ ክብ ቆሙ። ሚስተር ኩማሎ በየተራ እየሄደ በሁለቱም ትከሻቸው ላይ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት አስቀመጠ። እጁን አነሣ፤ ሁሉም ባንዴ አየር ሳቡ። አንድ ትልቅ እንስሳ የተነፈሰ ይመስል ነበር። የአንድ ወንድ ልጅ ወረቀት ወደቀ፤ ሌሎቹ ሳቁበት። «ትከሻህ የጆሮ ጌጥ ነው እንዴ!» አለችው አንዷ፤ አበሻ ናት መሰል በአማርኛ። ማራናታ አፍ የሌለውን ትራምፔት ይዛ ዳር ላይ ቆማለች፤ ከሌሎቹ እኩል ትስባለች፣ እኩል ታወጣለች። ሌሎቹ ሲነፉ እሷ ጣቷን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

ዕረፍት ሲሆን እማማ ተነሡ። ማራናታ ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ፣ ወረቀቶቿን ሳትጥል ፈጠን ብላ መጣች፤ አያቷ ሰውየው ጋ ቀድመዋት ደርሰዋል።

«ንገሪው፤ ይቺ ልጅ አስም እንዳለባት ታውቃለህ ወይ በይው።»

ማራናታ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ሰውየው ፈገግ ብሎ እማማን በአውራ ጣቱ አመሰገናቸው።

«አላልሽም» አሉ እማማ።

«ብያለሁ።»

«አላልሽም! ክሊኒክ ስንት ዓመት ተሰልፌያለሁ፤ ‹አዝማ› የምትለዋን ቃል በሕልሜም አውቃታለሁ። ከአፍሽ አልወጣችም።»

ፓምፑን ከኪሳቸው አውጥተው ሰውየው ፊት ዘረጉት። «አዝማ!» አሉት። «ማራናታ፣ አዝማ!»

ፈገግታው ጠፋ። ፓምፑን አየ፣ ልጅቷን አየ። ቀስ ብሎ ጠየቃት፤ ቀስ ብላ መለሰችለት። ከዚያ አንድ ነገር አላትና ወደ አያቷ ጠቆመ።

«ቃል በቃል ተርጉሚላቸው አለኝ» አለች ማራናታ መሬት መሬት እያየች። «ብነግረው አያስገባኝም ብዬ ነው የደበቅሁት። ለአባዬም ነግሬዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሰልፍ ውስጥ ድምፁ እንዳይቋረጥ ሁላችንም በተለያየ ቦታ ነው የምንተነፍሰው። እኔ አየር ስወስድ ጎረቤቴ ይይዝልኛል፣ እሷ ስትወስድ እኔ። ስለዚህ ሁሉም የጎረቤቱን ትንፋሽ ማወቅ አለበት። ትንፋሹን የሚደብቅ ሰው ሰልፉ ውስጥ ቀዳዳ ነው አለ። ዕቃውንም ጥላለች፤ ዛሬ አልመርጣትም አለ።»

ይኸው። የመጡበት ተፈጸመ። እማማ «ተመስገን» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ግን የልጅቷ ትከሻ ላይ አርፎ ነበር። ሳግ ተናንቋት ትከሻዋ ሽቅብ ተነሣ፤ ከቀኙ ላይ ወረቀቱ ተንሸራትቶ ወደቀ።

ወረቀቱ አሁን ነው የወደቀው። አሁን! እማማ አሰቡ። ጠዋቱን ሙሉ፣ ስትስብም ስታወጣም፣ ፈጠን ብላ እስከመጣችበት ድረስ፣ እዚያው ነበር። አሥር ዓመት ያንን ትከሻ ሲጠብቁ፣ ይሄ ሰውዬም ለካ እሱኑ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱና መሐረቡን ፈቱት።

«ንገሪው» አሉ። «ዕቃውን አልጣለችም፤ የሰረቅሁት እኔ ነኝ በይው። ቃል በቃል።»

«እማማ!» አለች ማራናታ።

«በይዋ! እኔም አንቺም ዋሽተናል። እኔ ግን ካንቺ በዕድሜ እበልጣለሁ፤ የኔ ይከፋል።»

ተናገረች። ሚስተር ኩማሎ ብረቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ቀዳዳው ውስጥ የተጣበቀውን ቢጫ ዱቄት በጣቱ ነካና አሸተተ። ግንባሩ ተኮማተረ። ከዚያ እየሳቀ ለማራናታ መለሰላትና አንድ ጣቱን አነሣ።

«አንድ ኖታ ብቻ። አሥራ ስድስት ቆጠራ» አለች።

«ቆይ» አሉ እማማ። ጎንበስ ብለው የወደቀውን ወረቀት አነሡ፤ ራሳቸው ትከሻዋ ላይ አስቀመጡት። የግራውንም አስተካከሉ። ፓምፑን ጨብጠው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ማራናታ ሳበች። ሆዷ ከቀሚሷ ሥር ሞላ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ የተነሣው እንዲህ ነበር። ድምፁ ወጣ፤ መጀመሪያ ሻከር አለ፣ ከዚያ ጠራ። እማማ ድምፁን አልሰሙትም ማለት ይቻላል። በልጅነት ቋንቋቸው፣ በከምባትኛ፣ ይቆጥራሉ። ስምንት። ዘጠኝ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ላይ የግራው ጫፍ ነቅነቅ አለ፤ እማማ ፓምፑን ከፍ አደረጉ። ንፋስ ነበር። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።

ወረቀቶቹ እዚያው ናቸው።

ሚስተር ኩማሎ ብዙ አልተናገረም። ሐኪም የሚጽፈው ወረቀት እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጣ፤ ፓምፑ በልምምድ ሁሉ ሜዳው ዳር ይኑር፤ የሚይዘውም ሰው። ይህ ከተሟላ አሥራ ሁለተኛዋ እሷ ናት።

«የሚይዘው ሰው ማን ይሁን ይላል» አለች ማራናታ ዓይኗን እየጠረገች።

«እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ?» አሉ እማማ፤ ሄደው ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ።

ሚስተር ኩማሎ የመረጣቸው ልጆች እንደገና ተሰለፉ። ማራናታ ትራምፔቱን ከአፏ አገናኘች፤ ከዚያ አላቀቀችና ፊቷን አጨማደደች።

«እማማ፣ ሽሮ ሽሮ ይላል!»

«ዝም ብለሽ ንፊ!»

ከበሮው ጀመረ። ሰልፉ ሜዳውን አቋርጦ ወደ እሳቸው መጣ። እማማ ድንቅነሽ ሰውየውን ገና ሙሉ በሙሉ አላመኑትም፤ አንድ ቅዳሜ ሰው አያስታውቅም። ሐኪሙም ምን እንደሚል እስቲ ይታያል። መጽሐፍ ቅዱሱንም ቢሆን ከእንግዲህ አይሰጧትም፤ ሁለት ኪሎ ተኩል የበቆሎ ዱቄት እኩል ይከብዳል፣ ሆዷ ላይ እሱን ታስቀምጥ። ፓምፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከአሥራ ሁለቱ ልጆች መካከል ሁለት ትከሻ ብቻ መርጠው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ።